ሦስት መዝገብና የእህቴ ቤት

ሰው ዕድሜ ሲጫነው አንዱ ጸሎት ይይዛል፣ አንዱ ኩርፊያ ይይዛል፤ እኔ ቆጠራ ያዝሁ። ዋሸሁ፤ ከልጅነቴም እቆጥር ነበር። ወረታ ካለው ቤቴ ደጃፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሁለት እርምጃ ነው። ስመለስ አንድ ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ይሆናል፤ ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ይርበዋል፣ የራበው ሰው ደግሞ እርምጃው ያጥራል። ይህን ግኝቴን ለባለቤቴ ስነግራት «እና ምን ይሁን?» ትለኛለች። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳለችኝም ቆጥሬዋለሁ። ቁጥሩን ግን እዚህ አልጽፈውም፤ ታነብበው ይሆናል።

ቆጠራን ያስተማረኝ ሰው የለም። ወረታ የመጣሁት ባዶ እጄን ነው፤ ጆንያ እሸከም ነበር። የተሸከምሁትን እኔ ካልቆጠርሁ ሌላ ሰው እንደሚቆጥርልኝ፣ ሌላ ሰው ከቆጠረልኝ ደግሞ ሁልጊዜ እንደሚያንስብኝ በሁለተኛው ቀን ገባኝ። ዛሬ የሩዝ መፈልፈያ አለኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን ብቻ ሰምቼ ስንት ጆንያ እንዳለፈ እናገራለሁ። ይህን ያህል ከጎረርሁ ይበቃል፤ ቀጥሎ የምነግራችሁ የሚያስጎርር አይደለም።

እንዲህ ያለ ሰው በፎገራ ሜዳ ላይ መወለዱ የፈጣሪ ቀልድ ሳይሆን አይቀርም። በእኛ አገር ሰውና ከብት አይቆጠርም። ጆንያህን ቁጠር፣ ነዶህን ቁጠር፣ ከፈለግህ የቆምህበትን አጥር እንጨት ቁጠር፤ ሰው ግን አይቆጠርም። የተቆጠረ ይጎድላል ነው ነገሩ። ስድስት የወለደችን ሴት «ስንት ልጅ አለሽ?» ብትሏት «እነዚሁ ናቸው» ትላችኋለች፤ አጠገቧ ያሉት ሁለት ናቸው፣ አራቱ ከማጀት ወዲያ ይንጫጫሉ። ሜዳውን ያለበሰ ከብት ያለው ገበሬ «ጥቂት ጭራ አለችኝ» ይላል። የጠየቃችሁትን ጥያቄ ትቶም ዓይናችሁን ያያል። ቁጥር ከተነገረ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ዓይን ደግሞ ይበላል። ይህን የማያምን የተማረ ሰው ሞልቷል። እኔም አላምንም። ብቻ «አላምንም» የሚለው ሰው ሁሉ የልጆቹን ቁጥር ሲጠየቅ ጉሮሮውን ሲጠርግ አይቻለሁ።

ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳችን ላይ ይተኛሉ። እህቴ ለምትኖርበት ለቁሐር ሚካኤል መንደር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሩዙም ውሃ ይወዳል። ነገር ግን መጠን የሚባል ነገር አለ፤ ያለፈው ክረምት ውሃ መጠኑን ረሳ። ሰው ለማውጣት ሦስት የታጠቁ ወገኖች መጡ፦ የጎማ ጀልባ ያላቸው የጦር መሐንዲሶች፣ ፖሊሶችና የየጎጡ ሚሊሻ። ሦስቱም ደከሙ፣ ሦስቱም ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ዋሉ፤ ይህን የማይመሰክር ሰው ውለታ ቢስ ነው። ጉድለቱ ከድካም አልነበረም። ሦስቱም መዝገብ ነበራቸው፤ ጉድለቱ እሱ ነው።

መሐንዲሶቹ የሚቆጥሩት ነፍስ ነው። ፖሊሶቹ የሚቆጥሩት አባወራ ነው። ሚሊሻው የሚቆጥረው ወገን ነው፤ «የእነ እገሌ ዘር ወጥቷል፣ የእነ እገሌ ቀርቷል» ይላል። በአንድ ቀን፣ ስለ አንድ መንደር፣ አንዱ መዝገብ መቶ ስልሳ አለ፤ ሌላው ሃያ ስምንት አለ፤ ሦስተኛው «ጨርሰናል» አለ። በሰዓትም አልተገናኙም። መሐንዲሶቹ የፈረንጅ ሰዓት ይጽፋሉ፤ ፖሊሶቹ የእኛን። «ጀልባው በሦስት ሰዓት ይመጣል» የተባሉ አንድ ሽማግሌ ከጥዋት ጀምረው ጣራ ላይ ተቀምጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ። ማንም አልዋሻቸውም። በሦስት ሰዓት መጣላቸው፤ የፈረንጅ ሦስት ሰዓት ነበር እንጂ።

በዚህ መካከል ጀልባው ወደ ቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ እዚያ የተጠለሉት ሰዎች በሦስቱም መዝገብ ላይ ነበሩና። ከወንዙ ማዶ ወዳለው የሸክላ ሠሪዎች ጎጥ ግን አንድም ጊዜ አልሄደም። መሐንዲሶቹ ፖሊስ ያወጣቸው መስሏቸዋል። ፖሊስ ሚሊሻው ያወጣቸው መስሎታል። ሚሊሻው የሚቆጥረው ወገን ነው ብያችኋለሁ፤ ሸክላ ሠሪን ወገኔ የሚል ደግሞ ከእኛ መካከል ማን አለ? ማሰሯቸውን እንገዛለን፣ ዓይናቸውን እንፈራለን፤ እነሱ ሲያልፉ ሕፃን በነጠላ እንሸፍናለን። ሁለት ቀን ጉብታ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ማሰሮዎቻቸው ግን ቀድመዋቸው ወጡ፤ አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው እየተንሳፈፉ ሜዳውን አቋረጡ። የእኛ ሰዎች ዳር ቆመው በበትር እየሳቡ ለቀሟቸው። እግዚአብሔር ሰጠን አሉ። ማሰሮው ከየት መጣ፣ ሠሪውስ የት አለ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። አንድም ስል ቆጥሬ ነው፤ እኔም እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ሁለት ማሰሮ ይዤ ተመልሻለሁ።

ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ ሦስቱ ወገኖች «የጋራ መዝገብ ካልኖረን ሁለተኛ እንዲህ ይሆናል» ብለው ወረታ ላይ ስብሰባ ጠሩ። ከአገር ሽማግሌም ቁጥር የሚያውቅ ይምጣ ተባለ። ጥሪው ሲደርሰኝ ደረቴን ነፋሁ። ባለቤቴ «በመጨረሻ ሥራ አገኙልህ» አለች።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሦስት ቀን ፈጀ። ከመሐንዲሶቹ በኩል ሻለቃ ደምሰው ነበሩ፤ ረጅም፣ ልብሳቸው የተተኮሰ፣ ሠላሳ አንድ ዓምድ ያለው ቅጽ ይዘው የመጡ ሰው። ከፖሊስ ኢንስፔክተር ሰላማዊት ነበረች፤ ልጅ እግር ናት፣ ግን የያዘችው ጥቁር ባለ ልባድ መዝገብ ከእሷ የሚበልጥ ዕድሜ ነበረው። ከሚሊሻው ፈንቴ መጣ፤ የቁሐር ገበሬ ነው፣ አጭርና ፈጣን፣ መሣሪያውን ትከሻው ላይ እንደ ሞፈር የሚሸከም። ፈንቴ ወረቀት አልያዘም።

«መዝገብህ የታለ?» አሉት ሻለቃው።

በጣቱ ግንባሩን መታ መታ አደረገ። «የእኔ መዝገብ አይረጥብም።»

«ከሞትህስ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ከሞትሁማ ጎርፉ ምን አገባኝ!»

የጋራ መዝገብ እንደሚያስፈልግ በመጀመሪያው ሰዓት ተስማማን። የቀረው ሁለት ቀን ተኩል የማን የሚለው ነበር። ሁሉም የጋራ እንዲሆን ፈለገ፤ የጋራው ግን የራሱ እንዲሆን። ሻለቃው «የጋራ» የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ቀን አርባ ሦስት ጊዜ ተናገሩ፤ በተናገሩ ቁጥር እጃቸው የራሳቸው ቅጽ ላይ ያርፋል። ኢንስፔክተሯ «ቅጻችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ከእኛ መዝገብ ላይ ይገልበጥ» ትላለች። ፈንቴ «እናንተ ጻፉ፤ እኔ የጻፋችሁት ልክ መሆኑን እነግራችኋለሁ» ይላል።

የውሃው ጥልቀት የሚጻፍበት ዓምድ ላይ ስንደርስ ግማሽ ቀን ሄደ። ሻለቃው በሜትር አሉ። ፖሊስ «እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ» ብሎ ነው የሚጽፈው።

«የማን ጉልበት?» አለ ፈንቴ ተነሥቶ። «ሻለቃ፣ ይቁሙልኝማ። ይኸው፣ የእርስዎ ጉልበት የእኔ ወገብ ነው! እስከ ጉልበት ነው ብለው ቢልኩኝ እዚያው ቀረሁ።»

እኔም አስታራቂ ነኝና፣ ሁላችንም በምናውቀው በፎገራ ላም ጉልበት እንለካ የሚል ሐሳብ አቀረብሁ። «አባቴ፣» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ፣ «ጎርፍ ሲመጣ ላሟ መጀመሪያ ትሸሻለች።» ቀለም የተቀባ እንጨት በየጎጡ እንዲተከል ተወሰነ። የእኔ ሐሳብ በቃለ ጉባኤው አልተጻፈም፤ አመሰግናለሁ።

በሦስተኛው ቀን ኢንስፔክተሯ አንዲት ሴት ይዛ ገባች። ከሸክላ ሠሪዎቹ ጎጥ የመጣች ዘርፌ የምትባል ናት። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የጣቶቿ ስንጥቅ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ነበር። ወንበሩ ረጅም ነው፤ እኛ ግን ወደ ወዲያኛው ጫፍ ተጠጋጋን። ማንም ተጠጉ አላለንም፤ ቅጥነታችንን ያወቅነው ያን ቀን ነው።

«እናንተ ቤት ስንት ናችሁ?» አሏት ሻለቃው።

«ዘጠኝ።»

እንዲሁ! «እነዚሁ ነን» የለ፣ «እሱ ያውቃል» የለ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደ ብርድ ነገር ተሰማው።

ፈንቴ አላስቻለውም። «አንቺ! ሰው ቁጭ ብሎ እየሰማ ቆጥረሽ ትናገሪያለሽ? ዓይን አትፈሪም?»

«የማንን ዓይን?» አለች ዘርፌ። «ዓይን ያላቸው እናንተ ናችሁ እያላችሁን፣ እኛ ደግሞ የማንን እንፍራ?»

ፈንቴ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሻለቃውም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ሳቃችን እስኪያልቅ ጠበቀችና «ዓምና አስር ነበርን፤» አለች። «እናቴን በዚያ ጉብታ ላይ ብርዱ ያዛት፣ መስቀልን ሳታይ ቀበርኳት። ውሃው ሲመጣ በሕይወት ነበረች። እናቴን የጻፈ መዝገብ ካለ አሳዩኝ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።»

ሻለቃው ወረቀቶቻቸውን ገለጡ። ኢንስፔክተሯ ጥቁሩን መዝገብ ገለጠች፤ እንደሌለች እያወቀች ገጽ በገጽ ፈለገች። ፈንቴ የሚገልጠው ወረቀት ስለሌለው መሬት መሬቱን አየ። መዝገቡ የማይረጥብ ሰው ያን ጊዜ ዓይኑ ረጥቦ ነበር ብዬ ብጽፍ ይጣላኛል፤ ስለዚህ አልጻፍሁም።

ከዚያ በኋላ ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ሻለቃው እስክሪብቶ አንሥተው የራሳቸውን ቅጽ እየሰረዙ ሠላሳ አንዱን ዓምድ አራት አደረጉት፦ የቤቱ ስም፣ ቦታው፣ የነፍስ ቁጥር፣ መራመድ የማይችል። ሰዓቱ የእኛ ሰዓት ሆነ። አንዱ የጻፈውን ሦስቱም እንዲገለብጡት ተወሰነ። እኔም ያለ ድርሻ እንዳልቀር አንድ ደንብ አዋጣሁ፦ ጀልባ አስር ሰው ይይዛል፤ ስለዚህ ጎረቤታሞች ተደምረው አስር እየሆኑ ለአንድ ጀልባ ይመደቡ፣ ጀልባው ባዶ ቦታ ይዞ አይሂድ። ሻለቃው «አባት፣ ድንቅ ነው» አሉ። ደረቴ ሁለተኛ ተነፋ።

ከዚያ የየቤቱን ቁጥር የማስመዝገብ ተራ መጣ። የእህቴን የውባለምን ቤት የማስመዘግበው እኔ ነኝ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤቷን ጉዳይ የማየው እኔ ነኝና። ቁሐር ሚካኤል ላይ ከልጇ፣ ከምራቷና ከልጅ ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ሰባት ናቸው። ይህን ስሜን እንደማውቅ አውቀዋለሁ። ከሰባቱ ሁለቱ መንታ ናቸው፣ አራት ዓመታቸው፣ ጉንጫቸው እንደ ዳቦ የሚቆረስ፤ አንዷ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ሰው ዞሮ የሚያያት ልጅ ናት።

«የወይዘሮ ውባለም ቤት ስንት ነው?» አሉኝ ሻለቃው።

አፌን ከፈትሁ። ዘርፌ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሌላ የምታየው ስላልነበረ ነው፣ የሚናገረው ሰው እኔ ነበርሁና። ያን ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። መንታዎቹ ታዩኝ። ልጅቱ ታየችኝ።

«አራት» አልሁ።

ይህን ያለው የመፈልፈያ ቤቱን ወለል ስንጥቅ ሳይቀር የቆጠረ ሰው ነው! ዓይን ይበላል ብዬ አላምንም ያልሁት ሰው፣ ከአንድ ገጽ በፊት! ማንም አልጠረጠረኝም፤ በቁጥር ጉዳይ ማን እኔን ይጠረጥራል? የጎረቤቷ ቤት ስድስት ነበርና ስድስትና አራት አስር፣ አንድ ሙሉ ጀልባ። ድምሩ እንዲያ ልክ መምጣቱ ራሱ ደስ አሰኘኝ። አራቷ ቁጥርም በሻለቃው ወረቀት ላይ ተጻፈች፣ ከዚያ በፖሊስ መዝገብ ላይ ተገለበጠች፣ ከዚያ ፈንቴ ሦስት ጊዜ በቃሉ ደገማት። ዓምና አንድ ውሸት ብዋሽ አንዱን መዝገብ ብቻ ባበላሸሁ፤ ሌሎቹ ባረሙኝ። ዘንድሮ መዝገቡ አንድ ሆነና ውሸቴም ሦስቱ ጋ እኩል ተከበረች።

በፍልሰታ ጾም ዝናቡ ለአራት ቀን አላባራ አለ። እኔም ወደ ቁሐር ሄድሁ። ለምን ብትሉኝ፣ የጋራው መዝገብ እንዴት እንደሚሠራ በዓይኔ ለማየት ነው። ተዉ ተብዬ ነበር። ገና እህቴ ግቢ እንደገባሁ፣ ረፋድ ላይ፣ ርብ ዳርቻውን ጥሶ ወጣ። ቀለም የተቀባው እንጨት ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጎረቤቶቹም ወደ እኛ ግቢ መጡ፤ ከፍ ያለው ቦታ የእህቴ የሩዝ ገለባ ክምር ያለበት ነው።

ጀልባው መጣ፤ በተባለው ሰዓት፣ በእኛ ሰዓት። መዝገቡ ሠርቷል! ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ከፊት ፈንቴ ወረቀት ይዞ ቆሟል፤ ለካስ ወረቀት መያዝ ተምሯል። ከኋላ ሞተሩን አንድ ትሑት ወጣት ወታደር ይነዳል።

«ስድስትና አራት፣ አስር ሰው!» ብሎ ጠራ ፈንቴ። ከዚያ መንታዎቹን አያቸው። «እነዚህስ? ሰኔ ላይ አልነበሩም!»

«ዛሬ ጥዋት ተወለዱ» አልሁ።

«ጥርስ አብቅለው?»

ወታደሩ መንታዎቹን በእናትና በአያት ጭን ላይ አስቀመጣቸው። ያቺ ልጅ ደግሞ በሰው መካከል እንደ ምላጭ ገባች፤ «ቀጭን ናት፣ እሷን ላሳልፍ» አለ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወታደሩ ውሃውን አየ፣ የጀልባውን ጠርዝ አየ፣ እኔን አየ። በጠርዙና በውሃው መካከል አንድ ስንዝር አልነበረም። የኔ ወገብ ደግሞ፣ እንግዲህ፣ የሩዝ ነጋዴ ወገብ ነው።

«አባት፣ አንድ ሰው ከጨመርሁ ሁሉንም አሰጥማለሁ።»

ድምሩን ለመሥራት ጊዜ አልወሰደብኝም። ሰባት ብዬ ብሆን ኖሮ ሁለት ጀልባ ይላክ ነበር። የምቀመጥበት ቦታ ላይ የደበቅኋት ልጅ ተቀምጣበታለች።

«ወንድሜስ?» ብላ እህቴ ጮኸች።

«ለእሱ እንመለሳለን፣ እማማ» አለ ወታደሩ። «ብቻ ቀጥሎ የተመደቡልን አምስት ቤቶች አሉ።»

ፈንቴ ወረቀቱን አገላብጦ አየ። «አያ ካሴ፣ እርስዎ የተጻፉት የት ነው?»

«ወረታ ነዋ።»

«ወረታማ ደህና ነው! በመዝገቡ መሠረት እርስዎ አሁን ወረታ ነዎት። ደረቅ ነዎት!» ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አለቀበት፤ «ክምሩ ላይ ይውጡ፣ አደራ፣ እንዳይወርዱ» አለኝ። ጀልባው ሲርቅ እህቴ ከሰው መሐል አንገቷን አውጥታ እስክትሰወር ድረስ ታየኝ ነበር።

ክምሩ ላይ ወጣሁ። አብራኝ አንዲት ዶሮ ወጣች። ቆጠርሁ፤ ሌላ ምን ልሠራ? እንቁራሪቶቹ አሥራ አንድ ናቸው። ከውሃው እስከ እግሬ ሁለት ክንድ ነው። ዶሮዋ አንድ ናት። ደግሜ ለካሁ፤ ክንድ ተኩል ሆኗል። ክምሩ ከሥሩ እየራሰ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ጀመረ። ሦስተኛ ስለካ አንድ ክንድ ሆነ፤ ያን ጊዜ መቁጠሬን አቆምሁ። ባለቤቴ ብታየኝ አታምንም ነበር።

ሞተር የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከወንዙ ማዶ በኩል የመጣ ሌላ ጀልባ በሩቅ ያልፋል። ነጠላዬን አውለበለብሁ። ጀልባው አፍንጫውን አዞረና ሲቀርብ ከፊት የተቀመጠችው ዘርፌ ሆነች።

«አያ ካሴ! እዚያ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«ጀልባ እጠብቃለሁ።»

«ከማን ቤት ነው የተጻፉት?»

የሚነዳው ወታደር «ዘጠኝ ሰው ነው የያዝሁት፤ በአስረኛው ቦታ ዕቃ ነው» አለ። ዕቃው አምስት ትልልቅ ገንቦ ነበር፤ በደንብ የተጠቀለለ፣ ለይፋግ ገበያ የተሠራ፣ የአንድ ወር ልፋት። ዘጠኝ ነን ብላ፣ ዘጠኝ ሆና፣ በቀረው ቦታ የወሩን ሥራዋን ይዛ መውጣቷ ነው። ልጆቿ እሷን አዩ፤ እኔም ገንቦዎቹን አየሁ።

ዘርፌ ተነሥታ የመጀመሪያውን ገንቦ አቅፋ ወደ እኔ ዘረጋችው። «ይቀበሉኝ። ቀስ ብለው፣ አፉን አይያዙት።»

አምስቱንም አንድ በአንድ ተቀብዬ ዘንበል ያለው ገለባ ላይ አስቀመጥኋቸው። ከዚያ እሷ እኔን ተቀበለችኝ፤ እኔን አፌንም ብትይዘኝ አልቃወምም ነበር። ዶሮዋንም አቀበልኋት።

ትንሽ እንደሄድን ሕሊናዬ አላስቀመጠኝም። «ዘርፌ፣ ዓምና ሁለት ማሰሮሽን ከውሃ ላይ አውጥቼ ወስጃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ባለቤትዎ ለአንደኛው ክዳን ልትገዛ እኔው ዘንድ ይዛው መጣች። የራሴን ማሰሮ አፍ አላውቅም?» አለችና ወደ ውሃው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ትስቃለች።

ደረቅ መሬት ደርሰን ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ዳር ስንወርድ አንድ የመሐንዲስ ወታደር አራት ዓምድ ያለውን ወረቀት ይዞ ጠበቀን። «ስንት ናችሁ?»

ዘርፌ የእያንዳንዱን ሰው ራስ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወደ እኔ እየቀረበች መጣች። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ያ ጭቃ የደረቀበት ጣቷ እርጥብ ቆቤ ላይ አረፈ።

«አስር» አለች።

ስቆጥር ነው የኖርሁት። ሰው ጣቱን አሳርፎ ሲቆጥረኝ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ይሞቃል።

ተፈናቃዩ የሰፈረው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ስደርስ ኢንስፔክተር ሰላማዊት ከእህቴ ፊት መዝገቧን ይዛ ቆማለች። እህቴ እኔን ስታይ አለቀሰች፣ ጮኸች፣ ሳመችኝ፤ ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞራ ፊቷን እንደ ድንጋይ አደረገችው።

«እማማ፣ ስንት ናችሁ ነው ያልኩዎት።»

«አራት!» አለች እህቴ።

ነጠላዋ ከወትሮው ሰፋ ብሎ ነበር። ከሥሩ አንድ ሳል ወጣ። ቀጥሎ ሌላ። ኢንስፔክተሯ ነጠላውን አላየችም፣ እህቴንም አላየችም፤ እኔን አየች። በየጥጉ የተቀመጡት እናቶች ነጠላም ከወትሮው ሰፋ ብሎ ነበር።

«ሰባት ናቸው፣ ልጄ» አልሁ። «ሰኔም ሰባት ነበሩ። ሁለተኛ መስመር ላይ ያለውን አራት ሰርዥው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊበት።»

«ለእሱ ዓምድ የለንም፣ አባቴ» አለችና ሰባት ብላ ጻፈች።

እህቴ ይኸው እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። መንታዎቹ በማግሥቱ ጉንፋን ያዛቸው፤ «አየህ? ቆጠርካቸውና አየህ?» አለችኝ፤ ያለችኝ ያችኑ ብቻ ነው። እኔም ላስረዳት ብዬ ትምህርት ቤቱን ዞርሁ፣ የተጻፉ ልጆች ያሉበትን ክፍል ሁሉ ገብቼ አዳመጥሁ። አዎ፣ ያስላሉ። ከዚያ «አራት ነን»፣ «እነዚሁ ነን» ያሉት እናቶች አጠገብ ቁጭ ብዬ ደግሞ አዳመጥሁ።

ያልተቆጠሩትም ያስላሉ።